ወንድሜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገብቶ «ትምህርት ጨረስኩ» ካለን በኋላ እንደገና ትምህርት ላይ ነው። እናቴን ምን ልበላት?

የቦሳ ቂጦዋ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ የምትጽፉ ሰዎች ስላላችሁ ነው ጥያቄዬን እዚህ ያመጣሁት። ሰፈር ውስጥ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሶ እኔኑ ይጠይቀኛል።

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ኤሌክትሪካል ተምሮ በ2007 ተመረቀ። በ2008 ዲቪ ደርሶት ሄደ። ሜሪላንድ መጋዘን ውስጥ ሠራ፣ ኡበር ነዳ፣ ዜግነቱን አገኘ። ከዚያ አንድ ማታ በኢሞ ደውሎ «ባሕር ኃይል ልገባ ነው» አለን። እማዬ ስልኩን እጄ ላይ ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። ባሕር አይታ አታውቅም። ልጁም ቢሆን እዚህ እያለ የሚያውቀው ውኃ አዌቱን ነው፤ አዌቱን ደግሞ በበጋ ዶሮም ትሻገረዋለች።

የፈረመው ለ6 ዓመት ነው፣ ሙያው ኤሌክትሮኒክስ። መስከረም 2017 ኢሊኖይ፣ ግሬት ሌክስ የሚባል ቦታ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ገባ። የደረሰ ሌሊት አንድ ደቂቃ የማትሞላ ስልክ ስለተፈቀደችለት ሜሪላንድ ላለው ጓደኛው ደውሎ «ደርሻለሁ በልልኝ» አለ። ከዚያ ዝም። የጻፈው ደብዳቤ በትምህርት ቤታችን ፖስታ ሣጥን የደረሰኝ እሱ ሥልጠናውን ከጨረሰ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ «ተመረቅኩ» አለ። እማዬ ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ጠራች። በሳምንቱ «አሁን ትምህርት ልጀምር ነው» አለን። አምና ዓመቱን ሙሉ ተማረ። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ «ኤ ስኩል ጨረስኩ፣ ማዕረግም ተጨመረልኝ» ሲል ሁለተኛ ድግስ ተደገሰ፣ ያውም በዚህ ኑሮ። አሁን ደግሞ ቨርጂኒያ ሄዶ «ሲ ስኩል» ላይ ነኝ ይላል። እማዬ ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ስለቆጠረች «ኤ ካለቀ ሲ መጣ፤ ቢው የት ሄደ?» ትለኛለች። ምን ልመልስላት? መጋቢት ላይ ያልቃል ብሎን ነበር። መጋቢት አለፈ። ሲጠየቅ «አዳዲስ ነገር ጨመሩብን» ብሎ ወሬ ይለውጣል።

ሌላም አለ። መስከረም ላይ ደውሎ የእማዬን ሙሉ ስም፣ የተወለደችበትን ቀንና ቦታ፣ አድራሻዋን፣ የኔን መሥሪያ ቤት ሳይቀር ጠየቀኝ። በየስንት ጊዜው እንደምንደዋወልም ይጠይቁኛል አለ። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኔን ጠመኔ ምን ያደርግለታል? የእማዬ ልደት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እሷ የምታውቀው በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ጡት ጥላ እንደነበር ነው። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ መስከረም 1 ተብሎላታል። «ምን ሊያደርጉኝ ነው ልደቴን የሚፈልጉት?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ሳሎናችን ውስጥ ሁለት የግድግዳ ሰዓት አለ። አንዱ የጅማ ነው። ሁለተኛውን «የልጄ» ትለዋለች፤ በእኛው አቆጣጠር እሱ ባለበት ሰዓት ተሞልቷል። ቨርጂኒያ ሲዛወር እንደነገረን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፋነው። የሚደውለው በምሳ ሰዓቱ ነው፣ የእሱ 6 ሰዓት ቀን ለእኛ 2 ሰዓት ማታ ነበር። የካቲት መጨረሻ ላይ ግን ድንገት አልደውል አለ። ሳምንቱን ሙሉ 2 ሰዓት ላይ ስንሞክር አያነሳም። ለካ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተው፣ እሱ 1 ሰዓት ማታ ይደውላል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ እኛ ሰፈር መብራት የለም፣ ዋይፋዩም ከመብራቱ ጋር ይሄዳል። በዚያች ሳምንት እማዬ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል።

እና ጥያቄዬ፦ ይሄ ትምህርት እውነት እንዲህ ይረዝማል? ወይስ የደበቀን ነገር አለ?

---

ሜንጦሌ 07

አግብቶ ይሆናላ። ሚስቱን «ሲ ስኩል» ብሎ ይጠራታል 😂

---

የኖርፎልኩ

ሜንጦሌ፣ አርፈህ ተቀመጥ።

እህቴ፣ ወንድምሽ ስለ ትምህርቱ አልዋሸም። እኔም ኢቲ ነበርኩ፤ ኢቲ የሚባለው ራዳርና መገናኛ የሚጠግነው ነው። ስድስት ዓመቴን ጨርሼ ወጥቻለሁ። ቢውን በተመለከተ ለእናትሽ ንገሪያቸው፦ እኔም ያኔ ጠይቄ ነበር፣ የመለሰልኝ የለም።

የመጀመሪያው ሥልጠና ወታደር ያደርገዋል እንጂ ሙያ አያስይዘውም። እኔ ስገባ 8 ሳምንት ነበር፤ ወንድምሽ ሲገባ 10 ሆኖ ነበር፤ ከፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ወዲህ 9 አድርገውታል። እናትሽ ጠላ የጠመቁት ለዚያ ነው፣ ደግ አደረጉ፤ ከዚያ መውጣትም ጠላ ያንሰዋል። ኤ ስኩል የሙያው መሠረት ነው፦ ኤሌክትሪክ፣ ሰርኪውት፣ ሶልደር፣ በመልቲሜትርና በኦሲሎስኮፕ መለካት። ዲግሪ ያለውም የሌለውም ከኦም ሕግ ይጀምራል። ወንድምሽ እዚያ ላይ ሳይናደድ አልቀረም። ሲ ስኩል ደግሞ አንድን መሣሪያ ለይቶ ማወቅ ነው፤ ይህችን ራዳር፣ ይህችን የሳተላይት መገናኛ። እንደ መሣሪያው ከሳምንታት እስከ ከዓመት በላይ ይሄዳል። በየመሃሉ ክፍል እስኪከፈት መጠበቅ አለ። እኔ ሦስት ወር መጥረጊያ ይዤ፣ ሌሊት በር ጠብቄያለሁ፤ ያኔ ለቤተሰብ ስነግር «ትምህርት ላይ ነኝ» ነው ያልኩት። ታዲያ ወለል እየጠረግኩ ነው ይባላል?

የልደት ቀኑን ነገር ላስረዳሽ። ለዚህ ሙያ የምሥጢር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው አይገባበትም። ፎርሙ ኤስኤፍ-86 ይባላል። ስለ ወላጅና ስለ እህት ወንድም ስም፣ የልደት ቀን፣ የልደት ቦታ፣ ዜግነትና አድራሻ ይጠይቃል። ዘመድ ውጭ አገር ካለ ሥራው ምንድነው፣ ከዚያ አገር መንግሥት ጋር ግንኙነት አለው ወይ፣ በየስንት ጊዜው ትገናኛላችሁ ይላል። አንቺ የመንግሥት መምህርት ስለሆንሽ ነው መሥሪያ ቤትሽ የተፈለገው። ያው መጻፍ ነው ያለበት፣ መደበቁ ነው የሚያስጠይቀው። ውጭ ቤተሰብ መኖሩ አያስከለክልም፤ የእኔ ግን ከጓደኞቼ ሁሉ ዘግይቶ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ወንድምሽ ዲቪ ደርሶት የኢሚግሬሽኑን ፎርም ሲሞላ የእናቱን ልደት ያኔም ጽፏል። አሁን ሌላ ቀን ከጻፈ ሁለት የእናት ልደት ሊኖረው ነው። ያኔ የጻፈውን አውጥቶ ይይ። ቀኑ ካልታወቀ ፎርሙ ላይ «ግምት» የምትል ሣጥን አለች፣ እሷን ምልክት ያድርግባት። የእኔ እናት በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ዕድሜ ስለነበራት መርማሪው ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጳጉሜ አስረድቻለሁ። ሰውየው በመጨረሻ «አሥራ ሦስት ወር?» ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ስልክ አለማንሳቱ አያስጨንቅሽ። ሲ ስኩል ብዙው ክፍል ስልክ አያስገባም፤ በር ላይ ካቢኔ ውስጥ ቆልፈው ነው የሚገቡት። ምን እንደሚማርም አትጠይቂው፣ አይነግርሽም። መርከብ ሲመደብ ደግሞ ስሟንና የምትነሳበትን ቀን እዚህ እንዳትጽፊ፣ ፌስቡክ ላይም እንዳትለጥፊ። ቀልድ አይደለም።

አያድርገውና እናታችሁ ቢታመሙ በአሜሪካ ቀይ መስቀል በኩል አስቸኳይ መልእክት ይላካል። እነሱ ከሐኪም አረጋግጠው ለአለቃው ያደርሱታል፤ አለቃው ፈቃድ የሚሰጠው በዚያ ነው፣ በኢሞ «እማዬ ታማለች» ስላልሽው አይደለም። ስለዚህ ሙሉ ስሙን በፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ የልደት ቀኑን፣ ማዕረጉንና ያለበትን ክፍል አድራሻ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቤት አስቀምጪ። ሜሪላንድ ላለው ጓደኛውም አንድ ቅጂ ስጪው፣ መደወል የሚቀለው ለእሱ ነው።

ፈቃድ በወር ሁለት ቀን ተኩል ይጠራቀማል፣ በዓመት 30 ቀን። ወደ አገር ቤት ለመምጣት ግን የውጭ ጉዞ ማጽደቂያም አለ። በትምህርት መሃል ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። «ለፋሲካ እመጣለሁ» ካላችሁ የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነ ጠይቁት።

---

የአጋሮ ልጅ

ሰላም እህት። እኔ ባሌን ነው የጠበቅኩት፣ አጋሮ ሆኜ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። አሁን ሳንዲያጎ ነኝ። በአጭሩ ሁለት ነገር ልበል።

አንዱ፦ ወንድምሽ ሚስት ካለችው (ሜንጦሌን ሰምቼ አይደለም) የትምህርቱ ርዝመት ለእሷ ለውጥ ያመጣል። አንድ ቦታ ላይ 20 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ትምህርት እንደ ዝውውር ይቆጠራል፣ ቤተሰቡን ባሕር ኃይሉ ያጓጉዛል። ከዚያ ካነሰ ብቻውን ይሄዳል። ይህን የነገረኝ የለም፤ ቪዛዬ ሲመጣ ልሄድበት የነበረው ከተማ ሌላ፣ የደረስኩበት ሌላ።

ሁለተኛው፦ እናትሽ ፊት ሁልጊዜ «በቅርቡ ያልቃል» አትበዪ። አማቴ እሱን ነበር የሚሉኝ፣ አዝነውልኝ ነው። በየወሩ አንድ ጊዜ ተስፋዬ ይቆረጥ ነበር። አንድ ቀን ባሌ ራሱ «ከዓመት በፊት አትጠብቂኝ» ሲለኝ አለቀስኩና በማግሥቱ የቡና ንግድ ጀመርኩ። ተሻለኝ።

---

ጡረተኛው ባሕረኛ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እነግራታለሁ።

በ1961 ከዚሁ ከጅማ ተነስቼ ምጽዋ ባሕር ኃይል ገባሁ። እናቴ አንቺ እንዳልሽው ባሕር አይታ አታውቅም። ደብዳቤ ስጽፍ ሰፈር ያለ አስተማሪ ያነብላታል። አስተማሪው ክረምት ላይ አገሩ ሲሄድ ደብዳቤዬ ሳይነበብ ሁለት ወር መደርደሪያ ላይ ይተኛል። እናንተ ሁለት ሰዓት ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ነው የምታማርሩት።

«ኢትዮጵያ» የምትባለው ትልቋ መርከባችን ላይ ሠርቻለሁ። ኦርካ የምትባል የአሜሪካኖች መርከብ ነበረች፣ በ1954 ነው ለእኛ የተሰጠችው። የባሕር ኃይል ቀን ሲደርስ ጃንሆይ ምጽዋ ይወርዳሉ፣ አሜሪካኑም እንግሊዙም ፈረንሳዩም ሩሲያውም መርከቡን ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ራዳራችን ታሞ እንደሆነ እንቅልፍ የለም። ራዳሩ በቫልቭ፣ በዚያ አምፖል በሚመስለው የድሮ የመስታወት ቱቦ ነው የሚሠራው። የምጽዋን ሙቀት ለማያውቅ ምን ብዬ ልንገረው፤ ከጀርባው ገብተሽ ስትሠሪ ላቡ ከአፍንጫሽ ሽቦው ላይ ይንጠባጠባል።

እዚያ የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገርሽ። መብራቱን አጥፍተሻል፣ ሶኬቱን ነቅለሻል፣ ሁሉ ነገር ጸጥ ብሏል። ካፓሲተሩ ግን ውስጥ ውስጡን ጭኖ ተቀምጧል። እጅሽን ስትሰጂው ይመታሻል። ስለዚህ እጀታው የማያስተላልፍ፣ ጫፉ በሽቦ ከመሬት የታሰረ ዘንግ አለ፤ መጀመሪያ በእሱ ነክተሽ ታራግፊዋለሽ። አንዴ ነክቶ መተው አይበቃም፣ ይደገማል። አንድ ባልደረባችን ሳይደግም ቀረ። ሞተ አላልኩም፣ ግን ግድግዳ ጋ ወድቆ ነው ያገኘነው፣ ከዚያ ወዲያ ቀኝ እጁ ሲኒ አይዝም ነበር። ባሕር መሃል ደግሞ «ነገ ሜካኒክ እንጠራለን» የሚባል ነገር የለም። ትምህርቱ ቢረዝም አይግረምሽ።

አሁን ግን «አዳዲስ ነገር ጨመሩብን» አለ ያልሽውን ልጅቷን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ልጄ፣ እኔም ለአባቴ ልክ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ። ፈተና ወድቄ ነበር። እናቱ በሌሉበት ቀስ ብለሽ ጠይቂው።

በ1983 ሁሉም ነገር አበቃ፣ እኛም ተበተንን። አሁን እንደገና ተቋቁሟል፤ ጠቅላይ መምሪያው ባሕር ዳር ሊሆን ነው ያሉኝ ጊዜ ልጆቹ የሚማሩት ጣና ላይ ነው ወይ ብዬ ስቄያለሁ። መሳቄ ግን ለክፋት አይደለም።

---

የቦሳ ቂጦዋ (ጅማ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለልጅቷም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ (ሜንጦሌ፣ አንተን አይደለም)።

እሑድ እማዬ ቤተ ክርስቲያን እያለች ደወልኩለትና «ስንት ጊዜ ወደቅክ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ማን ነገረሽ?» አለኝ። አንድ የምጽዋ ባሕረኛ አልኩት። ሳቀ፤ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተግባር ፈተናው ላይ መምህሩ መሣሪያው ውስጥ ብልሽት ደብቆ ያስገባል፦ የላላ ሽቦ፣ የተቃጠለ ካርድ። ተማሪው ከኃይል አቅርቦቱ ጀምሮ በሥዕሉ ላይ ነጥብ በነጥብ እየለካ፣ ያነበበውን እየጻፈ ብልሽቱ ጋ መድረስ አለበት። የእኔ ወንድም ገና ሲያየው ገባው። ኤሌክትሪካል የተመረቀ አይደል! ካርዱን መዞ ለወጠና መሣሪያው ሠራ። መምህሩ ወረቀቱን ቢያየው ባዶ ነው። ጣለው። «ሠርቶልሃል እኮ!» አልኩት። «ለመርከቡ ሠርቷል፣ ለወረቀቱ አልሠራም» አለኝ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ኃይል መቋረጡን በሜትር ማረጋገጥ አለበት። ግን ሜትሩ ራሱ ደህና መሆኑን አስቀድሞ ኃይል ያለው ነገር ላይ መፈተሽ ነበረበት፤ ለክቶ ሲጨርስም እንደገና መፈተሽ። እሱን ዘለለ። ዜሮ አነበበ፣ እጁን ሊሰድ ሲል መምህሩ «ተው!» ብሎ ጮኸ። የሞተ ሜትርም ዜሮ ነው የሚያነበው። ከክፍሉ አውጥተው ከኋላ ከሚመጣው ክፍል ጋር እንዲደግም አደረጉት፤ ያ ክፍል እስኪጀምር አምስት ሳምንት ተቀመጠ። አሁን ገብቷል፣ እስካሁን ሁለቱን ፈተና አልፏል።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ በእነሱ። በኋላ ግን ክፍል ገብቼ የአሥራ አንደኛዎችን ወረቀት ሳርም መልሱን ብቻ ጽፎ አሠራሩን ላላሳየ ልጅ ከአምስት ሁለት ስሰጥ ራሴን አገኘሁት። ልጁ መልሱ ትክክል ነበር።

የልደቱንም ጉዳይ ጠየቅኩት። የድሮው ፎርም ላይ መስከረም 1ን ወደ ፈረንጅ ገልብጦ ነው የጻፈው፣ አሁንም ያንኑ ጽፎ «ግምት» የምትለዋ ላይ ምልክት አድርጓል። ደህና ነው አይደል?

---

የኖርፎልኩ

ደህና ነው። ለወንድምሽ በዪው፦ እኔም ሜትሩን ሳልፈትሽ አንዴ ተይዣለሁ፣ የጮኸብኝ ሰውዬ ድምፅ ዛሬም ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። ለእናታችሁስ ነገራችኋቸው?

---

የቦሳ ቂጦዋ (ጅማ)

ነገርናት። እሱ ራሱ ይንገራት ብዬ ትናንት ማታ 1 ሰዓት ላይ አገናኘኋቸው። መብራት አልነበረም፣ በስልኬ ዳታ ነው። እየተንተባተበ «እማዬ፣ አንድ ክፍል ደግሜያለሁ» አላት።

«ስምንተኛንም ደግመህ የለ? ለዚህ ነው እኔን በሰዓት የምታሯሩጠኝ?» አለችው። ቀጥላ ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልበላም፤ ከእኛ ጋር ሲያወራ የምሳ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ተቆጥታ ስልኩን ዘጋችበት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወንበር ላይ ወጥታ አገኘኋት። የካቲት ላይ ተናዳ ሳትነካው የቀረችውን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት እየገፋችው ነው። «ጥቅምት ላይ መልሰው ይጎትቱታል አሉ፣ ያኔ አስታውሺኝ» አለችኝ።